ያለ ጣጣ የተገዛችው የሱዳቤ መኪና

የሐመዳን ሕዝብ ሆይ! ባለሱቅም ሁን ጡረተኛ፣ ባለጢምም ሁን መላጣ፣ የያዝከውን ዳቦ አስቀምጥና አድምጥ! ሁለት ጥርስ ብቻ ያሉት፣ ቆሞ መሄድ ያልጀመረው፣ አፍንጫውን እንኳ ሌላ ሰው የሚጠርግለት ክቡር ኪያን፣ የባለሥልጣን ደጅ ሳይጠና፣ ደላላ ሳያባብል፣ አማላጅ ሳይልክ፣ ተወልዶ በማልቀስ ብቻ ለእናቱ አዲስ መኪና አስገኝቷል! ዕድሜያችሁን ሙሉ ስትመኙ የከረማችሁ ጎልማሶች ሁሉ፣ ታቅፎ ሲያልፍ ዝቅ ብላችሁ እጅ ንሡ!

አዋጁ ቀልድ ይምሰል እንጂ ውሸት የለበትም። በዚህ በኛ በኢራን አዲስ መኪና በፋብሪካ ዋጋ ለመግዛት ገንዘብ መያዝ አይበቃም፤ ስምህን ለዕጣ ትሰጣለህ። ዕጣ ይወጣል፤ ያንተ አይወጣም። በሚቀጥለውም አይወጣም። ሲሰለችህ ደላላ ዘንድ ትሄዳለህ፤ ደላላውም ያችኑ መኪና በእጥፍ ዋጋ እያሳየህ፣ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ጎረቤት አንገቱን ደፍቶ ያዝንልሃል። ሁለተኛ ልጅ የወለደች እናት ግን ዕጣዋ ለብቻ ነው፤ ወረፋውም አጭር ነው። ልጅ ይብዛ ተብሎ ነው አሉ። ለወላድ መኪና በዕጣ ማቅረብ ያልቸገራቸው ሰዎች፣ ወላዷን ሥራ ቦታዋ የሚያደርስ አንድ ደህና አውቶቡስ ማቆም ለምን እንዳቃታቸው የሚያውቅ የለም።

የኪያን እናት ሱዳቤ አስተማሪ ናት። የምታስተምረው ከአሰድአባድ ተራራ ማዶ ባለች መንደር ነው። ወደዚያች መንደር የሚሄድ ቋሚ መኪና ስለሌለ፣ ጠዋት ጠዋት ከከተማው ዳር ካለው አደባባይ ቆማ ያገኘችውን ትለምናለች። ሚኒባስ ሲገኝ በሚኒባስ፣ ሳይገኝ በወተት መኪና፤ አንድ ጊዜም ከበጎች ጋር ተጭና ሄዳ፣ ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቿ አፍንጫቸውን ይዘው ሲሳሳቁባት ውለዋል። ያልዳ የምትባለውን የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ እዚያው አደባባይ ላይ ቆማለች። ኪያንንም ስታረግዝ ቆማለች። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ገና ሳታገባ ነው፤ የባሏ የናድር ቤት ግን ከብስክሌት የዘለለ ነገር ገብቶበት አያውቅም።

ስለዚህ ስሟ ሲወጣ አላመነታችም። የሠርግ ወርቋን አምባሯ ሳይቀር ሸጠች፤ ናድር አንድ ሳንቲም አላዋጣም፤ መኪናዋም በራሷ ስም ወጣች። ደላላ የለ፣ ልመና የለ፣ «ነገ ተመለሺ» የለ። ነጭ፣ መቀመጫዋ ከነላስቲኩ፣ በሯ ሲዘጋ ድምፁ እንደ ጥሩ መዝገበ ቃላት ድፍን የሚል። ሱዳቤ መሪውን ጨብጣ ከመረከቢያው ግቢ ስትወጣ፣ «ሰዎች የሚያወሩት ጣጣ የታለ?» ብላ ብቻዋን ሳቀች።

ጣጣው ቤቷ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነበር።

ስሙ ሁሻንግ ነው። የናድር ታላቅ ወንድም፣ ከላሌጂን ከተማ ሸክላ እያመጣ የሚነግድ፣ በየዕጣው ስሙን ሰጥቶ አንድም ቀን ያልቀናው ሰው። ለአዲስ መኪና የሚታደለውን ጣፋጭ ሊበላ ከሁሉ ቀድሞ መጥቷል። አማቷ ጎህር ኻኑም እንቁላል በመዳፏ ይዛ የጎረቤቱን ሁሉ ስም እየጠራች ትጫነዋለች፤ እንቁላሉ በተሰበረበት ስም ላይ ክፉ ዓይን አለ ማለት ነው። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ስም ላይ ተሰበረ። የራሷን ልጅ የሁሻንግን ስም መጥራት ለጎህር ኻኑም ትዝም አላላት። ሌላ እንቁላል ከጎማው ሥር አስቀመጡና ሱዳቤ ደፈጠጠችው፤ እልል ተባለ።

ሁሻንግ መኪናዋን ዞረ፤ ጣሪያዋን እንደ ፈረስ ጀርባ ዳበሰ።

«በደስታ ያስነዳሽ ሱዳቤ ኻኑም! እርግብ አይደለችም እንዴ እቺ! ዓይን አይግባት!»

«ኧረ ለእርስዎ አትመጥንም እንጂ አቃ ሁሻንግ፣ ይውሰዷት!» አለች ሱዳቤ።

ይህን ያለው ልቧ አይደለም። በኛ አገር ሸሚዝህ ያምራል ያለህን ሰው «ይውሰዱት» ትለዋለህ፤ እሱም «ለባለቤቱ ነው የሚያምረው» ይልሃል፤ አንተም ሸሚዝህን እንደለበስክ ቤትህ ትገባለህ። ታሮፍ ይባላል። ታክሲ ነጂው እንኳ ሒሳብ ስትሰጠው «ይተዉት፣ ምን አላት» ይላል፤ እውነት መስሎህ ትተህ ብትወርድ ግን እስከ ሰባት ቤትህ ይሰድብሃል። ሰጪው ይሰጣል፣ ተቀባዩ እምቢ ይላል። ሕፃን ያውቀዋል።

ሁሻንግ መዳፉን ዘረጋ። «እጅሽ ይባረክ» አለ።

ቤተ ዘመዱ ሳቀ። ሱዳቤም ሳቀች። ጨዋታ ነው ብላ፣ የጨዋ ልጅ ነኝና አልሸነፍም ብላ፣ ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችና ደገመችው፦ «ምን ችግር አለ! ከነነፍሷ የእርስዎ ናት!»

«እምቢ ብል ቅር ይልሻል» አለ ሁሻንግ፣ ቁልፉን ኪሱ እየከተተ። «አውቅሻለሁ። እኔ ደግሞ የወንድሜን ሚስት ቅር አላሰኝም።»

መጀመሪያ ሳቁ ሞተ፤ ቀጥሎ የሞተሩ ድምፅ ተሰማ።

«ደግሞ ወንድማማች ምን የኔ ያንተ አለው» አለች ጎህር ኻኑም፣ ጣፋጩን እያዞረች። «ብዪ እንጂ፣ ሙሽራዬ!»

እንግዶቹ ሲሄዱ ሱዳቤ ባሏን ወጥ ቤት ውስጥ ያዘችው።

«ሂድና ቁልፌን አምጣ።»

«ምን ብዬ?»

«መኪናዋ የሱዳቤ ናት ብለህ።»

«አንቺ አይደለሽ ይውሰዷት ያልሽው? ያውም ሁለቴ! ሰው እየሰማ!»

«አንተ ጠዋት ለሥጋ ሻጩ ‹ነፍሴ ቤዛ ትሁንህ› አላልከውም? መጥቶ ቢላውን ቢስልብህ ትጋደምለታለህ?»

«እሱ ሌላ ነው። ይኼ ታላቅ ወንድሜ ነው።»

«ይኼ ሌባ ነው!»

«ቀስ በይ፣ እናቴ ትሰማለች!»

«ትስማ! እንቁላሏን ይዛ ትምጣና እንደገና ስም ትጥራ!»

ናድር ብርጭቆ ማጠብ ጀመረ። ብርጭቆ አጥቦ የማያውቅ ሰው ብርጭቆ ሲያጥብ ካየህ፣ ከዚያ ሰው ምንም አትጠብቅ።

ሁሻንግ መኪናዋን አልመለሰም። ማን ይጠይቀዋል? የሰጡትን መልስ ማለት ነውር ነው፤ ወስዶ መቅረት ግን ነውር መሆኑ በየትኛውም ቤት ተነግሮ አያውቅም። ጨዋነት የሚሉት ነገር እንዲህ ነው የተሠራው፤ ያፈረ ይከፍላል፣ ያላፈረ ይነዳል። ሱዳቤ በየድግሱ ስታገኘው «መኪናዋ ትመቻለች?» ትለዋለች፣ ነገሩ ይገባው እንደሆነ ብላ። እሱም «ዕድሜ ላንቺ!» ይላታል።

የወሊድ ፈቃዷ አለቀ፤ ክረምቱ ገባ፤ አልቫንድ ተራራ በረዶውን ለበሰ። ሱዳቤ ኪያንን ደረቷ ላይ አስራ ተመልሳ አደባባዩ ዳር ቆመች። በልጁ ምክንያት የመጣችው መኪና ከልጁ በቀር ሁሉን ትጭናለች።

አንድ ጠዋት እግሯ ደንዝዞ፣ ልጁ እያለቀሰ ቆማ ሳለች፣ አንድ ነጭ መኪና አደባባዩን ዞረ። ጎማው ጭቃ የተቀላቀለበትን የበረዶ ውኃ አንሥቶ ከጉልበቷ እስከ ልጁ ፊት ረጫቸው። የኋላ መቀመጫው እስከ ጣሪያው በሸክላ ተሞልቷል። ነጂው አወቃት። አልቆመም። ሁለት ጊዜ ግን ጥሩምባ ነፋላት፤ ሰላምታ መሆኑ ነው! ሰላም ሳይላት ማለፍ ነውር መስሎት!

ሱዳቤ የልጇን ፊት በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች። የመጣውን ሚኒባስ አሳለፈችውና በእግሯ ወደ ገበያው ወረደች።

ሁሻንግ ሱቁ በር ላይ ከሁለት ደንበኞች ጋር ቆሞ ነበር። መኪናዋ ከነጭነቷ ደጁ ላይ ናት።

«እንኳን ደህና መጣሽ! እግርሽ በዓይኔ ላይ!» አለ። «ሻይ አምጡላት!»

«ቁልፌን።»

«ምን አልሽ?»

«መኪናዬን ልወስድ ነው የመጣሁት። ቁልፌን ይስጡኝ።»

ደንበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። የጎረቤት ሱቅ ለውዝ ሻጭ ሐጂ ከሚዛኑ ጀርባ ብቅ አለ፤ ጠብ ሊበርድ ሲገባው እንደሚደረገው እጁን አንሥቶ፣ «ሶለዋት አውርዱ እንጂ ጎበዝ! በነቢዩ!» አለ።

«ሶለዋቱ ከቁልፉ በኋላ ነው ሐጂ» አለች ሱዳቤ። «ይህ ሰው መኪናዬን ይዞብኛል። ልጄን በረዶ ላይ አስቁሞ ጭቃ ረጭቶታል። ይውሰዷት ያልኩት ውሸቴን ነው! እናንተም ስትሉት ውሸታችሁን ነው! እሱም ውሸት መሆኑን እያወቀ ነው የወሰደው!»

የሁሻንግ ፊት በርበሬ መሰለ። ሰው እያየ ነው፤ ደንበኛ እያየ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የጨዋ ልጅ አንድ መሸሸጊያ አለው፤ እሱንም መዘዘ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋ፤ ደረቱንም ትንሽ ሰበር አደረገ።

«ሱዳቤ ኻኑም፣ ለዚች ብረት ነው ይኼ ሁሉ? ከአንቺ ትበልጣለች? ይኸው! መኪናዋም ያንቺ፣ ሱቁም ያንቺ፣ እኔም ባሪያሽ ነኝ!»

ቁልፉ አየር ላይ ቆየ። አሁን ሱዳቤ «ኧረ ይተዉ» ማለት አለባት። እሱ «አይሆንም» ሊላት፣ እሷ «በጭራሽ» ልትለው፣ ሐጂም «አይ የጨዋ ዘር» ሊል፣ ቁልፉም ወደ ኪሱ ሊመለስ ነው። ሁሻንግ በዚህ ላይ ያለው እምነት በፈጣሪ ላይ ካለው የጸና ነበር።

ሱዳቤ ቁልፉን ላፍ አደረገችው።

«ሱቁ ይቅርብኝ» አለች። «ሸክላዎን ያውርዱ።»

መሪው ጋ ተቀመጠች፤ ልጇን ታቀፈች፤ ሞተሩን አስነሥታ ማሞቂያውን ከፈተች። ሁሻንግ ማሰሮውን አንድ በአንድ በገዛ እጁ አወረደ። አንዱ አዳልጦት ሲሰበር መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ጉዳት ከእርስዎ ይራቅ!» አለችው፣ እንደ ደንቡ።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ገባ። ጎህር ኻኑም «ባለጌ አግብተን ኖሯል!» ብላ ተኛች። አክስቶች ስልክ ተደዋወሉ። እስከ ዛሬ በዚያ ዘመድ ዘንድ ጥፋተኛው መኪና የወሰደው አይደለም፤ በመጀመሪያው «ይኸው» ላይ እጇን የዘረጋችው ናት። ለድግስ አትጠራም። ስሟ ሲነሣ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፤ ሁሻንግ ደግሞ «ይቅር ብያታለሁ» ይላል። ይቅር ብሏታል! እሱ!

መኪናዋን ባስመለሰች ማግስት ጠዋት ናድርን ደጅ ቆሞ አገኘችው፤ በረዶ ይጥላል።

«ግባ፣ ገበያ ላድርስህ» አለችው።

«አይ፣ አላስቸግርሽም…» አለ ናድር፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሁለተኛውን ግብዣ ይጠብቅ ነበር።

ሱዳቤ ማርሽ አስገብታ ሄደች። በመስታወቱ ስታየው እጁን ከደረቱ ገና አላወረደም።

አንባቢ ሆይ፣ በሁሻንግ እየሳቅህ ከሆነ ሳቅህን ያዝ። አንተም ቤት «ያንተ ነው» ተብለህ በቁም ነገር ወስደህ ያስቀረኸው ነገር አይጠፋም፤ ባለቤቱ አፍሮህ እንጂ ረስቶት አይደለም። እና እባክህን፣ ይህን ወረቀት አስቀምጥ፣ ጫማህን አጥልቅ፣ ዕቃውን ያዝና ሰውየው በር ላይ ስትደርስ «ኧረ ይቅር፣ ይያዙት» ቢልህ እንዳታምነው።