የምድር ካባ

የኋላሸት ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው የድንጋይ ካባ ሃያ ሁለት ዓመት መዶሻ ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው። ያልፈለጠው ድንጋይ የለም፤ ያቃተው የቀበሌው ሊቀመንበር የአስናቀው ራስ ብቻ ነው።

ዘንድሮ «ስለ ምድር ካባ የሚያጠኑ ምሁራን ይመጣሉ» የሚል ደብዳቤ ለቀበሌው ደረሰ። አስናቀው ማንበብ ይችላል፤ መረዳት ግን ከሥራ ድርሻው ውስጥ የለም። «ካባ» የሚለውን ቃል እንዳየ የየኋላሸትን ካባ ዙሪያውን በእሾህ አሳጠረው።

«ጌታው፣ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«አብሽር፣ ሳይንስ ነው!»

የየኋላሸት ቤትም ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይንስ ሲበላ ከረመ።

ተመራማሪዋ ዶክተር ጸደንያ ስትመጣ አስናቀው ሱፉን ለብሶ አጥሩ ፊት ተገተረ። «ካባውን ሰው ሳይነካው ጠብቄያለሁ!»

«የቱን ካባ?» አለች ግራ ገብቷት። «እኛ ካባ የምንለው ከእግራችን በታች ብዙ ኪሎ ሜትር ወርዶ ያለውን አለት ነው። ይህ ደጋ እንዴት ከፍ እንዳለ ከሱ እንማራለን። እሳተ ገሞራ አንዳንዴ አረንጓዴ ስባሪውን ይዞት ይወጣል።»

«እሱማ ይፈረፈራል፣ ለግንብ አይሆንም እያልኩ ስጥለው ነው የኖርኩት» አለ የኋላሸት።

«የት ጣሉት፣ ጋሼ?»

«ከአጥሩ ውስጥ ነዋ፣ ልጄ! ካባዬ ሲከፈት አሳይሻለሁ። እሾሁን ግን ያጠረው ሰው ያንሣው።»

አስናቀው ሱፉን እንደ ለበሰ ጎንበስ አለ። በዚያ ቀበሌ ሊቀመንበር ሥራ ሲሠራ የታየው ያን ዕለት ነው።