ድንኳኑና ቀዩ ክር

ዝናብ ጠጥቶ የደረቀ ሸራ በሸተተኝ ቁጥር የካዛንቺሱ ቤታችን ድቅን ይልብኛል። አባቴ የሰፈሩ እድር ዳኛ ስለነበር ድንኳኑ የሚቀመጠው እኛ ጓዳ ነበር፣ ክረምት ክረምት ለቅሶ ቤት ሰንብቶ በስብሶ ሲመለስ እኔና እናቴ አጥሩ ላይ ዘርግተን እናደርቀው ነበር።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ ትምህርት ቤታችን አዲስ ዘዴ አመጣሁ ብሎ ተኩራራ። ሁሉም የትምህርት ዓይነት በአንድ «ትልቅ ሐሳብ» ይያያዛል ተባለና የዓመቱ ሐሳብ «ትስስር» ሆነ። የሳይንሱ መምህር ሣርና ጥንቸልን በቀስት ያገናኝ ነበር፣ የሒሳቡ ክብ በክብ ላይ ይደራርብ ነበር፣ የእንግሊዝኛዋ ቃሉን እየደጋገመች ታስጮኸን ነበር፤ እርስ በርስ ግን ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበር። ቃሉን በሚያብለጨልጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈው ያስተማሩ የሚመስላቸው ከንቱዎች!

በጋው ሲገባ ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ በየአቅጣጫው ሊበተን ስለሆነ አባቴ ከሥራ ሲመለስ በየቤቱ እየዞረ «ብንራራቅም እድሩ አይፍረስ» እያለ ይለምን ነበር። የክፍል አስተማሪያችን ከቤት የትስስር ምሳሌ አምጡ ስትለን እኔ ይህንኑ ተናገርኩ።

«የኔ ቆንጆ፣ እሱ እኮ የቤታችሁ ጉዳይ ነው» አለችኝ። «ማለቴ፣ ለወላጆች ቀን ደስ የሚል ነገር ነው የምንፈልገው። በቃ፣ አንቺ ክሩን ትይዣለሽ።»

በወላጆች ቀን ቀይ የሱፍ ክር ከልጅ ልጅ እያሳለፍን የሸረሪት ድር ሠርተን «ሁሉም ነገር የተሳሰረ ነው!» ብለን ጮኽን። አባቴ የደረሰው ዘግይቶ፣ ብብቱ ሥር የተጣጠፈ ሸራ ይዞ ነበር። ጠዋት እድርተኛው «ሩቅ ለሄደ ማን ይመጣል?» ብሎ እድሩን አፍርሶ፣ ድስቱንና ወንበሩን ከተከፋፈለ በኋላ በድንኳኑ አልስማማ ብሎ በቢላ ቆራርጦ ተካፍሎት ነበር። አባቴ ድርሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ አጨበጨበልኝ፤ ዳይሬክተሩ የሸራው ሽታ ቢከብደው ወንበሩን ፈቀቅ አደረገ። ያን ሰውዬ ዛሬም እንደናቅኩት ነው።

አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፤ ያ ቁራጭ ሸራ በረንዳችን ላይ የውሃ በርሜል ይሸፍናል። ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እማዬ፣ ለትስስር ትምህርት ቀይ ክር ግዢልኝ» አለኝ፤ እየተናደድኩ ገዛሁለት። ያኔ ካዛንቺስ ሰው ሲሞት የድንኳኑን ካስማ ለመምታት ወንዶቹ ይሻሙ ነበር። ባለፈው ክረምት አባቴ ሲሞት ግን ድንኳን ተከራየን፤ የተከሉለትም ከኪራዩ ጋር የመጡ፣ ስሙን እንኳ የማያውቁ ልጆች ነበሩ።