ዶሮ የታቀፈቻት ጭልፊት

ስናገር ሰው ሲያቋርጠኝ አልወድም። ለብዙ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ባዮሎጂ ስላስተማርኩ ይሆናል፤ ልጆቼ ግን ከተፈጥሮሽ ነው ይሉኛል። ስለዚህ በወረዳው አዳራሽ ስለ ጭልፊት እያስረዳሁ ሳለ አንዲት አሮጊት ከኋላ ተነስተው «ቆይ አንቺ ልጅ» ሲሉኝ ደሜ ፈላ።

ማስተማሩን ትቼ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር የጭልፊት ማራቢያ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ግቢያችን ከቦሌ ሚካኤል ወረድ ብሎ፣ ከብረት በር ሠሪዎቹ ጀርባ ነው። ጭልፊቶቹ የብረት መቁረጫውን ጩኸት ለምደውታል፤ እኔ እስካሁን አልለመድኩትም። የምናረባት በገደል ላይ የምትኖር፣ አነስ ያለች፣ ቁጥሯ እየተመናመነ የሄደ ጭልፊት ናት። የእኔ ሥራ ሁለት ነው፤ እንቁላል መጠበቅ፣ ከዚያ ደግሞ በየትምህርት ቤቱና በየስብሰባው እየዞርኩ ሰው ጭልፊት እንዳይገድል ማስተማር።

«ጭልፊት ጫጩት አይነካም ነው የምትይው?» አሉ አሮጊቷ።

«ይቺ ዝርያ ፈጽሞ አትነካም፣ እማማ። ጫጩት የሚወስደው ጭላት ነው።» የሁለቱን ፎቶ ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

«እኔ እንኳ ከሰማይ ሲወርድ መታወቂያውን አልጠየቅኩትም።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን የሰማኝ ሰው አልነበረም። እቃዬን ሰብስቤ ስወጣ፣ ግትር አሮጊት፣ ሁለተኛ ዓይኗን አያሳየኝ አልኩ። አንቱታውንም ረስቼው ነበር።

በዚያው ዓመት ነው እንግዲህ ጥንዶቹ ጭልፊቶቻችን እንቁላል የጣሉት። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ጥለው አንዱም ሕይወት አልነበረውም። በሦስተኛው ዓመት ከሦስቱ እንቁላሎች ሁለቱ ባዶ ሆኑ። ሦስተኛውን በጨለማ ክፍል በእጅ ባትሪ ሳየው ቀጫጭን የደም ሥሮች ተዘርግተው፣ መሐል ላይ አንዲት ነጥብ ትመታለች። እልል ማለት አማረኝ። ግን የዚያው የእንቁላልና የጫጩት ክፍል በር ላይ «ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» ብዬ የለጠፍኩት እኔው ስለሆንኩ አፌን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ጫጩት የሰው ድምፅ ከለመደ ዱር መኖር ይከብደዋል፤ ደንቡ ለዚህ ነበር። እናትየው እንቁላል የመስበር አመል ስላለባት ያቺን አንዲት እንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ውስጥ አስገባናት።

ልትፈለፈል አምስት ቀን ያህል ሲቀራት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ጄኔሬተሩን ብናስነሳው አስነጥሶ ዝም አለ። የወፎቻችን ሐኪም ማሽን ያለው ሰው ፍለጋ እስከ መገናኛ ሄዶ፣ እዚያም መብራት የለም ብሎ ደወለ። የማሽኑ ሙቀት በየደቂቃው ይወርዳል። እኔ ደግሞ የማደርገው ሲጠፋኝ ሰው መቆጣት ይቀናኛል፤ ጥበቃችን ላይ ጮህኩ። እሱ በትዕግሥት ካስጨረሰኝ በኋላ፣ «እዚህ ቅያስ ላይ ያሉት እማማ የታቀፈች ዶሮ አላቸው፤ ለምን አትጠይቂያቸውም?» አለኝ።

የትኛዋ እማማ እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በሰፈሩ ዶሮ በማርባት የሚታወቁት እሳቸው፣ አዳራሹን ያሳቁብኝ አሮጊት፣ ብቻ ናቸው።

እንቁላሏን በጥጥ ጠቅልዬ ጡቶቼ መሐል አስገባሁና ሰው እንዳይገፋኝ ጥግ ጥጉን ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ፎቶሽን ይዘሽ መጣሽ?»

የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «እማማ፣ የጭልፊት እንቁላል ነው። ሦስት ዓመት የጠበቅነው። መብራት ጠፋብንና ሊሞትብኝ ነው» አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

እጃቸውን ዘረጉ። ቀይ ነጠብጣብ ያለባትን እንቁላል ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው ሙቀቷን ለኩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቀልድ ጠፋ።

«ስንት ቀን ቀራት?»

«አምስት ቢሆን ነው።»

«የዶሮዬ እንቁላሎች ነገ ከነገ ወዲያ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቿን ካየች ደግሞ ትነሳለች፤ ያንቺ ይቀዘቅዛል።»

እንቁላሏን መልሼ ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ቁና ውስጥ ወደተቀመጠችው ዶሮ ጎንበስ ብለው እንቁላሏን ከሆዷ ሥር ሸጎጡ። ከጭዱ ሥር ከሰልና የዛገ ሚስማር አደረጉ። «ነጎድጓድ እንዳያበላሻት ነው» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ክርክር እጀምር ነበር። ያን ቀን ሚስማሩ ተንሸራቶ ሲወጣ መልሼ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ጫጩቶቹ መፈልፈል ሲጀምሩ እማማ ዶሮዋን እንዲህ አታለሏት። አንድ ጫጩት ሲወጣ ገና ላባው ሳይደርቅ ከሥሯ ይወስዱና፣ ድምፁ እንዳይሰማት ጓዳ አስገብተው በሩን ይዘጋሉ። እዚያ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ አስቀምጠዋል። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ይቀይራሉ። ዘጠኝ ጫጩት በዚህ ዓይነት አወጡ። ዶሮዋም ገና ያልተፈለፈለ እንዳለ ስለምታውቅ አልተነሳችም። እኔ ጠዋትና ማታ እየሄድኩ ምን ላግዝ ስላቸው፣ «ወሬ ቀንሺልኝ» ይሉኛል።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ ስልኬ ጮኸ። «ነይ» አሉና ዘጉት።

ነጠላዬን ሳልይዝ ሮጥኩ። ነገሩ ደህና ይሁን አይሁን ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም ነበር። በረንዳው ላይ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ተቀምጠዋል። መዳፋቸው ውስጥ ጥጥ የመሰለች፣ ዓይኗን ያልገለጠች፣ አፏ ቆልመም ያለ ነገር ትተነፍሳለች። ሦስት ዓመት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሳልኝ። ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብዬ አለቀስኩ፤ እማማ አልከለከሉኝም።

አልቅሼ እስክጨርስ ጠብቀው፣ «አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ይቺ አድጋ ጫጩት ትነካለች?» አሉኝ።

ጫጩቷ በእጃቸው ናት። አትነካም ማለት ቀላል ነበር። «የምታድነው የሚበር ወፍ ነው። ግን ፈጽሞ አትነካም ብዬ አልምልም። ያኔም እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም» አልኩ።

«ይሄን ያኔ ብትነግሪኝ ሰው ባላሳቅኩብሽ» አሉና አስረከቡኝ።

መብራት በዚያው ጠዋት ስለመጣ ጫጩቷን ወደ ማራቢያችን ወሰድኳት። ከሰዓት በኋላ፣ መብላት አለባት ባልነው ሰዓት፣ ሐኪሙ የድርጭት ሥጋ አድቅቆ በወረንጦ ቢያቀርብላት አፏን አልከፈተችም። ምንቃሯን ነካ አደረግንላት፤ ዝም። ጭንቅላቷ ወደ ጎን ወደቀ። ሐኪሙ አየኝና ዓይኑን ሰበረ። ያ ሁሉ ተደክሞ ከእጃችን ልትወጣ ነው አልኩ።

እማማ «ሳላያት አልሄድም» ብለው ተከትለውኝ መጥተው በሩ ሥር ቆመው ነበር። የለጠፍኩትን ማስታወቂያ አላነበቡም፤ ቢያነቡትም ይተዉት አይመስለኝም። ጠጋ አሉና፣ የታቀፈች ዶሮ እንቁላል ውስጥ ያሉ ጫጩቶቿን ስታናግር የምታሰማውን ድምፅ በጉሮሯቸው አሰሙ፤ ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ። ጫጩቷ በቅርፊቷ ውስጥ ሆና አምስት ቀን ያዳመጠችው እሱን ነው። አንገቷ ቀና አለ፤ እየተንቀጠቀጠች ዞረች፤ አፏንም እስከ ጥጉ ከፈተች።

ሐኪሙ ሥጋውን ጣል አደረገላት። ዋጠች። እኔና እሱ ተፋጠጥን።

«ምን ያፋጥጣችኋል?» አሉ እማማ። «ጨምሩላት እንጂ፤ ርቧታል።»