በኸርቴ ሸለቆ፣ ከእናቴ ጋር በአንድ ቢስክሌት

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ከሥራ ልወስዳት ሄጄ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። በሦስተኛው ዙር ኦሎምፒክ መንገድ ላይ ያለው መብራት ያዘኝ። ከፊቴ የቆመችው መኪና ጀርባ ላይ አንድ ቢስክሌት ታስሯል፤ ከመኪናዋ ግራና ቀኝ ተርፎ የወጣ፣ ረጅም። ሁለት መቀመጫ፣ ሁለት መሪ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ እስኪያደርግብኝ ድረስ አፌን ከፍቼ ሳየው ነበር።

እንዲህ ዓይነት ቢስክሌት ላይ የወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አንድ ሞልቶኛል።

እናቴ ያኔም እንደ አሁኑ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ትሠራ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር የሚመጡ ባልና ሚስት ደንበኞች ነበሯት። ሥጋ አይነኩም፤ የእሷን ሽሮ ግን በማንኪያ ሳይቀር ይልሱታል። ዕረፍታቸውን ሁሉ በቢስክሌት ነበር የሚያሳልፉት። በዚያ ዓመት ስፔን ውስጥ በአንድ ወንዝ ዳር የአምስት ቀን ጉዞ ከፍለው ይዘው ሳለ ባልየው ጉልበቱን ኦፕሬሽን ሆነ። ጉዞው አይሰረዝም፤ የተጓዦቹን ስም መቀየር ግን ይቻላል ተባለ። ሚስትየዋ ወጥ ቤት ድረስ ገብታ የጉዞውን ወረቀት እናቴ እጅ ላይ አስቀመጠች። እናቴ ደግሞ ስጦታ መመለስ አይሆንላትም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ ተቀበለች። ምን እንደተቀበለች የገባት ቤት ገብታ እኔ ሳነብላት ነው።

"ቢስክሌት?" አለች።

"ቢስክሌት።"

"እኔ እኮ በዕድሜዬ ቢስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም።"

እውነቷን ነው። ልጅ ሆና ወንድሞቿ በሰዓት እየተከራዩ ሲነዱ እሷ ደጃፍ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ሴት ልጅ ቢስክሌት አትወጣም ይባላል፤ ለምን ብላ ስትጠይቅ መልሱ ቁጣ ነበር። ከፊት እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ ከኋላ ትቀመጫለሽ ብዬ ሥዕሉን ሳሳያት ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ የኋላውን መቀመጫ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። በመጨረሻ "እንግዲህ ነርሲንጉን ሳትጀምሪ ትንሽ ብንናፈስ ምን አለበት" አለች።

ነርሲንጉ። ችግሩ እሱ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ እንደምጀምር እናቴ ለቤተ ክርስቲያኑም ለፌርፋክስም ተናግራ ጨርሳለች። ነርሶች የሚያደርጉትን ነጭ ጫማ ገዝታልኛለች። እኔ ግን አልተመዘገብኩም። የተመዘገብኩት ትራክ መንዳት የሚያስተምሩበት ቦታ ነው። ጋሼ መኮንን የሚባል ጎረቤታችን አንድ ቀን በጭነት መኪናው ቤከርስፊልድ ድረስ ወስዶኝ ነበር። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ መንገዱን ሳየው በቃ፣ አለቀ። በሽተኛ ማየት አልወድም፤ አንድ ቦታ መቀመጥም አልወድም። ውሸት ደግሞ ከሁሉ አብልጬ አልወድም፤ ግን ሁለት ወር ሙሉ ዋሸኋት።

እናማ ወረቀቱን ሳነብላት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እዚያ ቢስክሌት ላይ እነግራታለሁ። ከፊት ስለምሆን ፊቷን አላይም። የእናቴን ፊት እያየሁ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ከሆነ ግን እችላለሁ። አምስት ቀን አለኝ።

ሸለቆው የኸርቴ ወንዝ ሸለቆ ይባላል። ጉዞው ከታች ከከተማው ተነስቶ ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ፣ ቀስ እያለ፣ ከመንደር መንደር ነው። ቢስክሌቱን ያስረከበን ሰው ሥራችንን አስረዳን። እኔ ስፓኒሽ የተማርኩት ምግብ ቤቱ ውስጥ ሳህን ከሚያጥበው የሜክሲኮ፣ የኦዋሃካ ሰው ነበር፤ ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር እንደሰማኝ ሳቀና "ከሜክሲኮ ነሽ?" አለኝ። ከዚያ ቀጠለ። ከፊት ያለው መሪ፣ ፍሬንና ማርሽ ይይዛል። ከኋላ ያለው መግፋት ብቻ ነው። ሁለቱ ፔዳሎች በካቴና ስለተያያዙ አንዱ ሲዞር ሌላውም ይዞራል፤ ከኋላ ያለው ቢገፋም ባይገፋም እግሩ መዞሩ አይቀርም።

ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀረች።

እኔ ያን ነጭ ጫማ አድርጌ ነበር። "ሥራ ላይ እንዳይጠብሽ አሁን አለማምጂው" ብላ እናቴ ሌላ ጫማ እንዳልይዝ ከልክላኛለች።

ሰኔ ነበር፤ የቼሪ መልቀሚያ ወቅት። ተራራው ግራና ቀኝ እንደ ደረጃ ተክቧል፤ በየደረጃው የቼሪ ዛፍ። ሰዎች ከስንጥር የተሠራ ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው መሰላል ላይ ቆመው ይለቅማሉ። እናቴ ከኋላዬ ሆና ጥያቄ አታቆምም። ፍሬው ለምን ያለ ጭራው ይለቀማል? ይሄ ወፍ ጣራው ላይ ለምን ጎጆ ሠራ? እነዚህ ሴቶች ቀትር ላይ መስኮቱን ለምን ይዘጋሉ? እኔም መልሱን ስለማላውቅ እየቆምኩ ሰው እጠይቃለሁ፤ ሰው ስጠይቅ ቼሪ ይሰጡናል። አንድ ቦታ ላይ እናቴ ድንገት "ቁሚ" ብላ ጮኸች። ፍሬን ያዝኩ። ወርዳ ከመንገዱ ዳር አንድ ቅጠል ቀጥፋ አሸተተችና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው። እንስላል ነው። ማንም ሳይተክለው የመንገዱን ዳር ሁሉ ሞልቶታል። "ይሄን እዚህ ማን አመጣው?" አለች፤ ጭብጥ አድርጋ ውኃ መያዣዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በፊት ግን፣ በመጀመሪያው መንደር፣ ወድቀን ነበር። መንደሩ መግቢያ ላይ ከድንጋይ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። እናቴ በዕድሜዋ ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም አልፋ አታውቅም። ያን ጊዜም አላለፈችም። ሁለት እጇን ከመሪው ለቃ አማትባ ከወገቧ ወደ ቀኝ ጎንበስ አለች። ቢስክሌቱም አብሮ ጎንበስ አለ። የመስኖ ቦይ ውስጥ ገባን። መሰላል ላይ የነበረ ሽማግሌ ሳቁን መያዝ አቅቶት ቅርጫቱ ተደፋ፤ ነጩን ጫማ የቼሪ ጭማቂ ያገኘው ያኔ ነው፣ ቼሪ ላይ ቆሜ።

"የካቶሊክ ነው እኮ እማዬ" አልኳት ጭቃዬን እየጠረግሁ።

"እግዜር እዚህ አይገባም ያለሽ ማነው?"

ከዚያ ወዲያ ተስማማን። ቤተ ክርስቲያን ስታይ "ቁሚ" ትላለች፤ እቆማለሁ፤ ወርዳ ትሳለማለች። ኦኬ፣ መንደሩ አምስት ስድስት ነው ብዬ ነበር የተስማማሁት። በየማዞሪያው፣ በየድልድዩ አንድ ክፍል የምታህል ቤተ ጸሎት እንዳለች ማን ነገረኝ? የአንድ ሰዓቱ መንገድ ሦስት ሰዓት ፈጀ።

በዚያ ላይ የሐዋርያት ጾም ነበር። የምናድርበት ቤት ባለቤት ሴትዮ እናቴ የአሳማ ሥጋውንም አይቡንም ዕንቁላሉንም ወደ ጎን ስትገፋ አይታ በሹክሹክታ "ምን ሆና ነው? ሆዷን ያማታል?" ብላ ጠየቀችኝ። ባቄላ አምጪላት አልኳት። ባቄላው ውስጥም ሥጋ ነበረበት። በመጨረሻ እናቴ ራሷ ወጥ ቤት ገብታ ቲማቲምና ሽንኩርት አቁላልታ ወጣች። ሁለቱ ሴቶች አንድም የጋራ ቃል ሳይኖራቸው ስለ ነጭ ሽንኩርት ብዙ አወሩ። ከእራት በኋላ ጫማዬን ወስዳ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ፈተገችው። ቀዩ ደበዘዘ እንጂ አልለቀቀም። "ሆስፒታል በዚህ አትገቢም" አለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷ ታየኝ፤ ዘጋሁት።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መንገዱ ዳገት እየሆነ ሲመጣ ጥርጣሬዬ በረታ።

"እማዬ፣ እየገፋሽ ነው?"

"እግሬ እየዞረ አይደለም እንዴ?"

"መዞሩማ ይዞራል። ጆንያ ጭኜ የምሄድ ነው የሚመስለኝ።"

"ጆንያ ውኃ አያቀብልሽም" አለችና መያዣውን በትከሻዬ በኩል ሰደደችልኝ። ውኃው እንስላል እንስላል ይላል።

ሁለቱም ቀን ሳልነግራት አለፈ። አንዴ ወንዝ ውስጥ እግራችንን ነክረን ስለነበር፣ አንዴ ስለ ልጅነቷ እየነገረችኝ ስለነበር። ሁልጊዜ ምክንያት አለ። በአራተኛው ቀን ሸለቆው ጠበበ፤ ከፊታችን ተራራው ግድግዳ ሆኖ ቆመ። ነገ ጉዞው ያበቃል። ዳገቱን ግማሽ እንደወጣን፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣

"እማዬ" አልኩ።

"ወዬ።"

"ነርሲንግ አልተመዘገብኩም።"

ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጬ ቀጠልኩ።

"ትራክ መንዳት ልማር ነው። ተመዝግቤያለሁ። ሁለት ወር ሆነኝ።"

ያኔ ቢስክሌቱ ከበደኝ። ቀስ በቀስ አይደለም፤ አንድ ሰው ከኋላ በገመድ የያዘኝ ያህል ነው። ፔዳሉ እግሬ ሥር ድንጋይ ሆነ፤ ጭኔ ነደደ። የወደቀች መስሎኝ ነበር። አልወደቀችም። እግሯም እየዞረ ነው፤ የሚያዞረው ግን የእኔ ጉልበት ነው። መግፋት አቁማለች ማለት ነው። ለማቆም ደግሞ ስትገፋ መቆየት አለባት። አራት ቀን ሙሉ፣ በባዶ ሆዷ፣ በቼሪና በእንጀራ ፋንታ ባለው ደረቅ ዳቦ፣ ያን ሁሉ ዳገት ግማሹን የወጣችልኝ እሷ ነበረች። እኔ ጆንያ አልኳት።

ዞሬ ማየት አልደፈርኩም። ብቻዬን እያቃሰትኩ ነዳሁ። ማዞሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ቤተ ጸሎት ብቅ አለች። "ቁሚ" እስክትል ጠበቅሁ፤ አላለችም። ራሴ ቆምኩ። ወረደችና ግንባሯን ግድግዳው ላይ አድርጋ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ቆየች። ከሌላው ጊዜ እጅግ ረዘመባት። አንድ የፍየል መንጋ ቃጭሉን እያንቋቋ መጥቶ ዞሮን አለፈ፤ እሷ ግን እዚያው ነች።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ድምፅዋ ግን የሁልጊዜው ነው።

"ፊቴን ላለማየት ነው እዚህ ላይ የነገርሽኝ?"

"አዎ።"

"እኔ አራት ቀን ሙሉ ጀርባሽን ሳይ ነው የከረምኩት። አንድ ነገር እንዳለማ አውቄያለሁ። አርግዛ እንዳይሆን ብዬ ነበር።"

ሳቄ መጣ፤ እሷ አልሳቀችም።

"ሴት አለች እዚያ የምትማሪበት?"

"አንድ አለች።"

"እንቅልፍ ከጣለሽስ?"

"እቆማለሁ።"

"ሰው ሁሉ ምን ይለኛል?" ይህን ያለችው ለእኔ ሳይሆን ለተራራው ነበር። ቢስክሌቱ ላይ ወጣች። እኔም ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን መቶ ሜትሮች ብቻዬን ገፋሁ፤ እያወቀች ነው፣ እንዲገባኝ ፈልጋ ነው። ከዚያ ቢስክሌቱ ቀለለ።

ይቅር አለችኝ ማለት አይደለም። ለአንድ ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቋት "ትምህርቷን ትንሽ አዘግይታዋለች" እያለች አለፈች። የዚያን ማታ ግን ጫማውን እንደገና አጠበችው። ሎስ አንጀለስ ስንገባም "እኔ ነኝ ቀኑን ሙሉ የምቆመው" ብላ ወሰደችው፤ እግራችን እኩል ነው። እሱ ካለቀ ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ ላይ ሌላ ዓይነት ጫማ አድርጋ አታውቅም።

አሁን ትራክ ስነዳ ብቻዬን ነኝ። ዳገት ላይ ጭነቱ ሲጎትተኝ አንዳንዴ ያ ቢስክሌት ትዝ ይለኛል። የሚገፋልኝን ሰው ያወቅሁት ያቆመ ጊዜ ነው፤ ሌላ ስንት ሰው ሳላውቀው እንደገፋልኝ እንጃ።

ቅዳሜ ዕለት እናቴ ነጭ ጫማዋን አድርጋ፣ የተረፈ ጎመን በላስቲክ ይዛ ወጣችና ከጎኔ ተቀመጠች። ስለ ቢስክሌቱ ነገርኳት። ከዚያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁ።

"ያን ቀን ግድግዳው ላይ ተደግፈሽ ምን ነበር ያልሽው?"

"የቱን ቀን?" አለች፤ በደንብ ታውቀዋለች። ቀበቶዋን አሰረች። "ያልኩትን የሰማው ሰምቶታል። አንቺ መንገድሽን እይ።"

ሞተሩን ሳስነሳ አማተበች። እኔም እንደ ልማዴ እጇ ጭኗ ላይ እስኪመለስ ጠብቄ ነዳሁ።