ቀለሙ በስተግራ

ባለቤቴ ግራኝ ነበር። ሲበላ በቀኙ ነው፤ ሲጽፍ ግን በግራው። በልጅነቱ ቀኙን ይልመድ ብለው አባቱ ግራ እጁን በመቀነት ወገቡ ላይ አስረው ያውሉት ነበር። ማዕድ ላይ ተሳካላቸው፤ ብዕሩ ላይ ግን አልሆነላቸውም። የካ ሚካኤል አጠገብ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት እሱ አራተኛ ክፍልን፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሁለተኛ ክፍልን እናስተምር ነበር። ቤት ውስጥ አንተ እለዋለሁ፤ ተማሪ ፊት ግን እርስዎ። እርስዎ ባልኩት ቁጥር አቀርቅሮ ይስቅብኛል።

የጠረጴዛው ነገርማ አይነሣ። የቀይ ቀለሙ ብልቃጥ በስተግራ፣ መምጠጫ ወረቀቱ ከአጠገቡ፣ ማስመሪያውም በዚያው በኩል። የጠመኔው ሣጥን ብቻ በቀኝ ነው። ጠመኔውን በቀኙ አንሥቶ ለግራው ያቀብለው ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ አሁን ይቆጨኛል።

ሳሉ ሲበረታበት ሰው ሁሉ ጠመኔው ነው አለ። ጠመኔው አልነበረም። ወደ እንጦጦ መውጫ ካለው የሳንባ ሐኪም ቤት አስተኙት። ከቤት ሲወጣ፣ “ጠረጴዛዬን እንዳታስነሺብኝ፤ ስመለስ ቁጭ ብዬ መጀመር ነው የምፈልገው” አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ስለው እንደሚመለስ አምኜ ነበር።

ለጊዜው ሁለቱንም ክፍል እየተሯሯጥኩ ያዝኩ። ቢሆንም እኔ ወዲያ ስሄድ ወዲህ ሁካታ፣ ወዲህ ስመለስ ወዲያ ሁካታ። በመጨረሻ ዲሬክተሩ ጠሩኝ። “ሰኞ አዲስ መምህር ይገባል፤ ጠረጴዛውን ቢያሰናዱለት” አሉኝ። ዓይኔን ማየት ስለከበዳቸው በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ነበር የተናገሩት። መልካም ሰው ነበሩ፤ ያን ዕለት ግን ጠላኋቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨርቅና ውሃ ይዤ ገባሁ። መሳቢያውን ገለበጥኩት። የጠመኔ ስብርባሪ፣ ከተማሪ የተቀማ ብይና ወንጭፍ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ መሐረብ። ወንጭፉን ለተቀማው ልጅ ልመልስ ብዬ አስቀመጥኩት፣ መሐረቡን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ጠረጴዛውን ወለወልኩና ዕቃውን መመለስ ጀመርኩ። እጄ ሳያማክረኝ ብልቃጡን በቀኝ አስቀመጠው፤ እኔ የምጽፈው በቀኜ ነውና። ደነገጥኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ግራ እጄን ዘረጋሁ፤ የብልቃጡ ቂጥ እንጨቱ ላይ የተወው ቀይ ክብ እዚያው ነበር። መልሼ እላዩ ላይ አኖርኩት። ጅል ነሽ ብትሉኝ አልከራከርም። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሰኞ የመጣው መምህር ገና ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣ ልጅ እግር ነው። ኮቱ ሰፍቶታል። አፉን ሳይከፍት ነው የጠመድኩት። በእረፍት ሰዓት መጥቶ እጁን እያፍተለተለ ቆመ።

“እትዬ፣ እዚህ ትምህርት ቤት ቀለም የሚቀመጠው በግራ ነው? ደንቡ ከሆነ እለምደዋለሁ።”

ሳቄ መጣ።  “ደንብ አይደለም፤ የባለቤቴ አቀማመጥ ነው” አልኩት።

“እንግዲያው ይቀመጥ” አለና ሄደ።

ሳምንቱን ሙሉ ቀኝ እጁን ጠረጴዛውን አሻግሮ እየዘረጋ ብዕር ሲነክር በበሩ በኩል አየዋለሁ። የልጆቹ ደብተር በቀይ ነጠብጣብ ተዥጎረጎረ፣ የሸሚዙ እጅጌም ተበላሸ። አንድም ቀን አላጉረመረመም። ቢያጉረመርም ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ እጣላው ነበር። ዓርብ ልጆቹ ሲወጡ ገባሁና ብልቃጡን በገዛ እጄ አንሥቼ ወደ ቀኝ አዛወርኩት። ቀዩ ክብ ባዶውን ቀረ።

እሑድ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ ሐኪም ቤቱ ዳገቱን ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ “እንደነበረ ነው” የምለውን ሳጠና ነበር፤ በመጣሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጠረጴዛው ነዋ። ደጅ ፀሐይ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጧል። ከስቷል።

“ጠረጴዛዬስ?” አለኝ።

አፌን ስከፍት ጣቴን አየ። ቀይ ቀለም በሳሙና አይለቅም።

“አነሣሽው?”

“አዲሱ ልጅ እጅጌው ተበላሸበት” አልኩት። 

ጣቴን እንደገና አየ። “ደግ አደረግሽ” አለ በኋላ። “ጠመኔውንም እንደሚመቸው አድርጊለት።” ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባ።

በሚቀጥለው እሑድ ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ፤ ስለሚያፈሰው ጣሪያችን ጠየቀኝ፤ ጫማሽ ለምን ተቀደደ ብሎ ተቆጣኝ። “ጠረጴዛዬስ?” ቢለኝ የምመልሰውን ይዤ ጠበቅሁት። ስለ ጠረጴዛው ግን ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ እስኪያርፍ ድረስ፣ አልጠየቀኝም።