ከመፈንዳቱ በፊት የለካሁት ኮከብ

ተቀበሉኝ። ዛሬ ጠዋት ከሰማይ ጥናት ክበባችን ደብዳቤ መጣ፤ ልኬቴ ከነስሜ መዝገብ ገብቷል። እናቴ ሁለቴ አስነበበችኝ። እዚህ እስኪደረስ ያየሁትን ንዝንዝ ካልነገርኳችሁ ግን ደስታዬ አይገባችሁም።

ከደብረ ታቦር የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ቅዳሴ ስለነበረባቸው መናኸሪያ ድረስ አልሸኙኝም፣ በር ላይ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ቶሎ ዞር አሉ። ያኔ በረደኝ ብዬ ነበር። ጀርመን እናቴ ዘንድ ስገባ ብርድ ምን እንደሆነ ገባኝ። ቲማቲሙ ውሃ ውሃ ይላል፤ ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኝሽ «ሃሎ» ብሎ ያልፋል፣ እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው የሚባል ነገር የለም።

የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮው ሰውዬ የልደት ወረቀቴን አየና፣
«ሃያ አራት ዓመትሽ ነው» አለኝ።
«አሥራ ስድስት ነኝ። የኛ ዘመን ከናንተ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው።»
«እሺ፤ መቼ ልትደርሱብን ነው?»

በወረቀት የተሳሳተውን ዕድሜዬን ሳስተካክል ከረምኩ። ኅዳር መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ ኮከብ ፈንድቶ በድንገት ፈካ። ዜናው የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ማታ የክበቡ አባል ከሆኑት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሰማይ የጠራው ለኛ ብቻ ነበር። እኔ ለካሁት። የምንለካው ፖላራይዜሽን ይባላል፤ የብርሃኑ ሞገድ ወደ የትኛው ጎን አድልቶ እንደሚርገበገብ ማለት ነው። ቴሌስኮፑ ላይ ያለውን ማጣሪያ መስታወት አራት ጊዜ እያዞርሽ ፎቶ ታነሻለሽ፣ ድምቀቱን ታወዳድሪያለሽ። ከተለያየ፣ ፍንዳታው ድቡልቡል ሳይሆን ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ምሽት ካመለጠ አመለጠ።

ሰኞ አስተማሪዬ ወይዘሮ ቬበር፣ በነሱ አጠራር ፍራው ቬበር፣ መዝገቤን ይዘው መጡ።

«ኮከቡ ከመፈንዳቱ በፊት ነው የለካሽው። እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

ያን ማታ የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከዐሥር ሲል እጄ እንዳገሩ ሦስት ከዐሥር ብሎ ጽፏል። ለነሱ ሦስት ማለት የዚያው ቀን ሌሊት፣ ዜናው ሳይመጣ በፊት ነው። ካሜራው አሮጌ ስለሆነ ሰዓት አይመዘግብም።

«እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ጀምረን ነው» አልኳቸው።
«ማመካኛ ይመስላል። ልኬቱ ይሰረዛል።»

እዚያው ፊታቸው ለአባቴ በቪዲዮ ደወልኩ።

«አባባ፣ አንቱ ዘንድ ስንት ሰዓት ነው?»
«ለዚህ ነው የደወልሽ? ሰባት ከሩብ። እዚያ ሰዓት የለም እንዴ?»

ተረጎምኩላቸው። ፍራው ቬበር የራሳቸውን ሰዓት አዩ፤ አሥራ አንድ ከሩብ። «ምሥራቅ ሆነው ከኛ ወደ ኋላ?»

አባቴ ስልኩን ወደ ግቢ እንዲያዞሩልኝ ለመንኳቸው። የተሰጣው ገብስ ላይ ፀሐይዋ ታነዳለች።

«ምን ሆነች ሴትዮዋ?» አሉ።
«ሰባት ሰዓት ጠዋት መስሏቸው ነው።»
«ጠዋት? እኔ ምሳ በልቼ?»

ስተረጉምላቸው ፍራው ቬበር ሳቁ። የትምህርት ቤቱን የቁልፍ መዝገብም አመሳከሩ፤ የቴሌስኮፑን ክፍል ቁልፍ የወሰድኩት ማታ ነው። የልኬት ቅጹ ላይ አሁን «ሰዓቱ በማን አቆጣጠር ነው?» የሚል ዓምድ ተጨምሯል።

አባቴ ከመዝጋታቸው በፊት፣ «የምትመጪበትን ቀን ግን በፈለግሽው አቆጣጠር ንገሪኝ» አሉ።

ክበቡ ከሌላ አገር ተመልካች ይፈልጋል። መስታወትም ካሜራም አይጠይቅም፤ አንድ ኮከብ ከጎረቤቶቹ ደምቆ ወይ ደብዝዞ እንደሆነ በዓይን አይቶ መጻፍ ነው። ደብረ ታቦር፣ አንበሳሜ፣ ይፋግ ያላችሁ ልጆች፣ ሰማዩ ከኛ ይልቅ ለናንተ የጠራ ነውና ግቡበት። ሰዓቱን እንደለመዳችሁት ጻፉት፤ ማስረዳቱን ለኔ ተዉት።