የሚከፈት የወረቀት ልብ

እናቴ ወሎ ቆላ ውስጥ ከዘንባባ ቅጠል ሰሌን ትሠራ ነበር። እኔም ከሥሯ አልጠፋም ነበርና እጄ ለሰሌን እንግዳ አይደለም። በኋላ የወረቀት ልብ ለመሥራት ያደፋፈረኝም ይኸው ነው።

ጄኔቭ ስሆን የማርፈው ላንሲ፣ ሴቷ ልጄ ቤት ነው። ወንዱ ዙሪክ አለ፣ ላንግሽትራሰ ሰፈር። አንዱ ጋ ስሰነብት ሌላው ይናፍቀኛል፤ እንዲሁ በባቡር ስመላለስ ዓመቱ ያልቃል። ሴቷ ልጄ እዚያው አጠገብ፣ ካሩዥ ውስጥ አንዲት የዴንማርክ አሮጊት ትረዳለች። እሷ ቤቱን ስታሰናዳ እኔ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። የእኔ ፈረንሳይኛ ትንሽ ናት፤ የእሳቸውንም ያገራቸው ቃና አለቀቀውም። ግን እንግባባለን።

ባል ተከትለው ነው የመጡት። ያኔ ያገራቸው ሰው ብዙ ነበር አሉኝ። የገና በዓል ሲቃረብ አንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ዛፉን በመሀል አድርገው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እየዞሩ ይዘፍናሉ። ዛፉ ላይ የሚሰቀለውን፣ ከቀይና ከነጭ ወረቀት የሚጠላለፈውን ልብ ለዓመታት የሠሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ከዚያ ሰው ገሚሱ አፈር ገብቷል፣ ገሚሱ አገሩ ተመልሷል።

"ልጆቹስ?" አልኳቸው።

"በእኛ ቋንቋ ስናናግራቸው በፈረንሳይኛ ይመልሳሉ።"

"የእኛዎቹም እንደዚያው ናቸው።"

ዘንድሮ ግን እጃቸው መቀስ አይጨብጥም። ዙሪክ ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት የልጅ ልጅ አለቻቸው። "ስትመጣ የልቡን አሠራር አሳያታለሁ እላለሁ፣ ሥራ ይይዛታል። እኔ ከሄድኩ የሚያሳያት የለም" አሉና መስኮት መስኮቱን አዩ።

"እኔን ያሳዩኝ። በሚመጣው ሳምንት ዙሪክ እሄዳለሁ።"

ልጄ ወረቀቱን በቀጫጭን ዘለላ ቆርጣ ሰጠችን። እኔ ሳልጠይቅ ጀመርኩት፤ አንዷን ከላይ፣ አንዷን ከታች፣ ልክ እንደ እናቴ ሰሌን። ጥብቅ ያለ ልብ ወጣልኝ። ኮራ ብዬ ሰጠኋቸው። ጣታቸውን ከላይ ሊያስገቡ ሞከሩ፤ እምቢ አለ።

"ቆንጆ ምንጣፍ ነው" አሉኝ። "ለውዙን ግን የት እናስቀምጠው?"

ለካ የእሳቸው ልብ ከረጢት ነው። እያንዳንዷ የወረቀት ዘለላ እጥፍ ናት፤ አንዴ በሌላዋ ሆድ ውስጥ ታልፋለች፣ አንዴ ደግሞ ሌላዋን በሆዷ ታሳልፋለች። እንደዚያ ሲሆን ልቡ ከላይ አፉን ይከፍታል፣ ልጆችም ለውዝና ከረሜላ ያገኙበታል። የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። ያስቸገረኝ ያው የማውቀው ነገር ነው፤ እጄ በየመሀሉ ወደ ሰሌኑ ይሄድብኛል። "ሆዷ ውስጥ፣ ሆዷ ውስጥ" ይሉኛል ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ።

ዙሪክ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የአሮጊቷ የልጅ ልጅ፣ አያቷ ነግረዋት፣ ከሥራ ስትወጣ ወንዱ ልጄ ቤት መጣች። እያሳየኋት ሁለት ወረቀት ቀደደች፣ ሦስተኛው ሆነላት። ወዲያው በስልኳ ለአያቷ በቪዲዮ ደውላ ልቡን አሳየቻቸው። አማረ ወይ አላሉም።

"ይከፈታል?" አሉ።

ልጅቷ አንዲት ለውዝ ጣለችበትና ወደ ስልኩ አስጠጋችው። አሮጊቷ ጠጋ ብለው አዩት። በአገራቸው ቋንቋም አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጅቷም እየተንተባተበች በዚያው ቋንቋ መለሰች። ከዚያ እኔን አስጠሩኝ።

"አንቺስ የእናትሽን ምንጣፍ ለማን አሳየሽ?"

ለማንም አላሳየሁም። እዚህ አገር ዘንባባ የለም እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ። እናቴ እኮ ዓይኗ ከደከመ በኋላ እንኳ በዳበሳ ትሠራ ነበር።

ልጅቷ ስትሄድ ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ወረቀት ሰበሰብኩ። የወንዱ ልጄ ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ታያለች።

"ነይ እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።"

"ዋርት ማል፣ እማማ" አለችኝ፤ በጀርመንኛ ቆዪ ማለቷ ነው።

እንደ እናቴ ሰሌን፣ ቀይዋን ዘለላ ከላይ፣ ነጯን ከታች እያደረግሁ ጠበቅኋት።